ለቀልሃት ፍርስራሽ የተሳለ ጥላ

ፀዳለ የተቸገረችው ስለት አጥታ አይደለም፤ ስለቷን የምታስገባበት ደጅ አጥታ ነው። ጥላው ከተሠራ ቆይቷል። ቀይ ከፋይ ነው፤ ዙሪያውን ወርቅማ ዘርፍ ይርገፈገፍበታል፤ ጫፉ ላይ የነሐስ ጉልላት ተተክሎበታል። ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ባለው ቤቷ፣ ከቁም ሳጥኑ በላይ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተጋድሟል። ቤቱ ጠበብ ያለ ስለሆነ የዘንጉ ጫፍ ከቁም ሳጥኑ አልፎ ወደ በሩ ወጥቷል። ልጇ ቤዛ እናቷን ልትጠይቅ በመጣች ቁጥር ግንባሯን ይመታታል። እሷም ግንባሯን እያሻሸች፣ "እማዬ፣ ይኼን ነገር በቃ አንድ ቦታ አድርሺው" ትላለች። ፀዳለ የምትፈልገው እሱኑ ነበር።

ችግሩ ይህ ነው። ጥላው የተሳለው እዚህ አገር አይደለም። በኦማን ባሕር ዳር፣ ከፈረሰ አምስት መቶ ዓመት ባለፈው የወደብ ከተማ ውስጥ፣ ብቻውን ቆሞ ለቀረ አንድ ሕንጻ ነው። ሕንጻው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ አልተገኘም። በዚህ ላይ ጊዜ የለም። የተሳለችው ለቤዛ ልብ ነበር፤ ቤዛ አሁን ነፍሰ ጡር ናት፣ ወሯም ገብቷል። ሐኪሙ ልቧ ደህና ነው፣ ክትትልሽን ብቻ አታቋርጪ ብሏታል። ፀዳለ ሐኪሙን አታምነውም ማለት አይደለም። ነገር ግን ያ ልብ በስለት የተገኘ ልብ ነው። ቃሏን ሳታደርስ ምጥ ቢመጣስ የሚለው ሐሳብ አይለቃትም።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ስለት እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። የጨነቀው ሰው ከአንድ ደጅ ይቆምና የሚፈልገውን ይናገራል፤ ከተፈጸመለት ምን ይዞ እንደሚመጣም ቃል ይገባል። ምስክር የለ፣ ፊርማ የለ። ሥርዓቱ ግን ጥብቅ ነው። ጥላ የተሳለ ሰው ጧፍ ይዞ አይመጣም። በግ የተሳለ ሰው ቀንዱ የተሰበረ በግ አይነዳም፤ እንከን ያለበት ስለት ከነጭራሹ ካልገባ ስለት አይሻልም ይባላል። ከሁሉ ጥብቁ ሕግ ደግሞ ስለት የሚገባው በተሳሉበት ቦታ መሆኑ ነው። ለቁልቢ ገብርኤል የተሳለ ሰው፣ ከአጥሩ ሥር ሌላ ገብርኤል ቢኖርም፣ ቁልቢ ድረስ ይሄዳል። ገብርኤል አንድ መሆኑን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ቃሉን የሰጠው በዚያኛው ደጅ ቆሞ ስለሆነ ነው።

ይህን ሥርዓት ከፀዳለ ይበልጥ የሚያውቅ ሰው ልደታ አካባቢ ብዙ የለም። መተዳደሪያዋ ነው። ልደታ ማርያም አጠገብ በንዋየ ቅድሳት ሱቋ ጧፍ፣ ሻማ፣ መጋረጃ፣ ጥላ ትሸጣለች። ገዢ ሲመጣ አስቀድማ የምትጠይቀው የተሳለበትን ቦታ ነው። አንዷ ለግሸን ተስላ መንገዱ ስለራቃት እዚሁ ላስገባው ብትላት፣ "ስትሳይ ቅርብ ነበር እንዴ?" ብላ ታሳፍራት ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለች ደንበኛ ስትመጣ ሂሳቧን ተቀብላ ዕቃውን ትጠቀልልላታለች።

አሁን ወደ ባሕሩ እንሂድ፤ ከተማዋን ሳያዩ የፀዳለን ስሕተት መረዳት አይቻልምና። ስሟ ቀልሃት ይባላል። ከሙስካት ተነሥቶ ባሕሩን በግራ እያዩ ወደ ሱር ከተማ ሲወርዱ፣ ተራራው ከባሕሩ ሊጋጭ ጥቂት በቀረው ቦታ ላይ ትገኛለች። የእኛ ነገሥታት ከነድንኳናቸው ከአገር አገር ይዘዋወሩ በነበረበት ዘመን ቀልሃት ስሟ በባሕር ላይ የገነነ ወደብ ነበረች። ከህንድ ሩዝ፣ ቅመምና ጨርቅ የጫኑ መርከቦች ይመጡባታል፤ ከዚያ የዐረብ ፈረስ ጭነው ይመለሳሉ። ፈረስ በመርከብ! ያን ሁሉ ባሕር ቆመው ይሻገሩ የነበሩ ፈረሶችን ማሰብ ብቻ ያስገርማል። የበለጠ የሚያስገርመው ግን ቦታው ደረቅ መሆኑ ነው። የሚታረስ መሬት የላትም፤ ውኃዋም በጉድጓድ እየተጠራቀመ የሚጠጣ ነበር። ቀልሃት የኖረችው በመርከብና በመርከብ ብቻ ነው።

ቤቶቿን የሠሩት ከባሕር በወጣ ድንጋይና በኖራ ነው። ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ፣ ግድግዳው በሚያብረቀርቅ ሸክላ የተለበጠ መስጊድ ነበራት። በኋላ የመሬት መንቀጥቀጥ አናወጣት፤ ከዚያ ፖርቱጋሎች መጥተው አቃጠሏት፤ የተረፈውም ሕዝብ ቀስ በቀስ ጥሏት ሄደ። ዛሬ ላያት ሰው ከሩቅ የድንጋይ ማሳ ነው የምትመስለው። በዚያ ሁሉ ድንጋይ መካከል አንድ ቤት ብቻ ቆሟል። አራት ማዕዘን ነው፤ በየፊቱ ሾጠጥ ያለ ቅስት ያለው በር አለ፤ ጉልላቱ ተደርምሶ ሰማይ ይታይበታል። የአገሩ ሰው የመርየም ነው ይለዋል።

ፀዳለ ያን ጊዜ ሱር ውስጥ በአንዲት አሮጊት ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ቤዛን ጌጃ ሰፈር እህቷ ጋ ትታት ነው የሄደችው። የልጅቷ አባት ሞቷል፤ ልጅቷ ገና ፊደል ትቆጥር ነበር። አንድ ዓርብ ጠዋት እህቷ ደወለችና ቤዛ ሆስፒታል መግባቷን፣ ሐኪሞቹ ልቧ ነው፣ መቀደድ አለበት ማለታቸውን ነገረቻት። ያን ዕለት ደግሞ አሮጊቷ ባሕር ዳር ካልወሰዳችሁኝ ብለው ነበር። ፀዳለ ምግቡን ጫነች፣ እንባዋን ዋጥ አድርጋ መኪናው ውስጥ ገባች። ሾፌሩ አብዱልሃሚድ ሞተሩን ሊያበርድ መንገድ ዳር ሲቆም ያን ቤት አየችው።

ቤተ ክርስቲያን ከተሳለመች ዓመታት አልፈዋል። ጉልላት ያለው፣ ብቻውን በኮረብታ የቆመ ቤት ስታይ ልቧ ምን እንደሚላት መገመት አያቅትም። አብዱልሃሚድን የማን ነው ብትለው፣ መኪናውን ውኃ እያጠጣ ቀና ሳይል "የመርየም" አላት። ሌላ አልጠየቀችም። ጫማዋን አውልቃ በሚያቃጥለው ድንጋይ ላይ ሮጠች፤ የበሩን መቃን አቅፋ ሳመችው። "እመቤቴ፣ ልጄን ብቻ አትርፊልኝ። እዚሁ ደጅሽ ድረስ ወርቀ ዘርፍ ጥላ ይዤልሽ እመጣለሁ" አለች። አሮጊቷ በመኪናው መስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣ ይቺ ልጅ ምን ጠፍቷት ነው ግድግዳ የምታሸትተው ብለው ሾፌሩን ጠየቁት። ሾፌሩም ሙቀቱ ነው አላቸው።

ቤዛ ዳነች። ውጭ አገር የተማሩ ሐኪሞች ልቧን ጠገኑት፤ ጠባሳው እስካሁን ደረቷ ላይ አለ። ፀዳለ ኮንትራቷን ደጋግማ አድሳ፣ ከዓመታት በኋላ ስትመለስ የመጀመሪያ ሥራዋ ጥላውን ማሠራት ሆነ። ከፋዩን የመረጠችላት በዚያው ፎቅ ፊት ለፊቷ የምትኖረው፣ መርካቶ ጨርቅ የምትሸጠው ዙሃራ ናት። ጥላው አልቆ ጉዞ ልትነሣ ስትል ኮሮና መጣና ሰማዩ ተዘጋ። ሰማዩ ሲከፈት ደግሞ ከተመለሰች ወዲህ የከፈተችው ሱቅ ከስሮ ጠበቃት። እንደገና ቆማ ልትሄድ ስትሰናዳ ቤዛ ማርገዟን ነገረቻት። ያን ልብ የያዘች ልጅ ነፍሰ ጡር ሆና ጥላ ይዞ ባሕር መሻገር የማይታሰብ ነው።

ስለዚህ መልእክተኛ ፈለገች። ሃኒ የምትባል የሰፈር ልጅ ሙስካት የውበት ሳሎን ውስጥ ትሠራለች። ፀዳለ አስቀድመሽ ቦታውን እይልኝ፣ ካህን ካለም አነጋግሪልኝ ብላ ለመነቻት። ሃኒም በዕረፍት ቀኗ ከጓደኞቿ ጋር ሄዳ፣ ከቦታው ሆና በቪዲዮ ደወለች።

"እትዬ ፀዳለ፣ ዙሪያው ታጥሯል። ቄስ የለም፣ ደወል የለም፣ ምንም የለም።"

"ቤቱ አይታይሽም?"

"ይታየኛል። ዘበኛውን ጠይቄው መቃብር ነው አለኝ።"

"የማን?"

"የመርየም። የኛይቱ ግን አይደለችም እትዬ። ባሏ የከተማው ገዥ ነበረ አሉ። እሱ ሲሞት እሷ ገዛች። እስላም ናት።"

ፀዳለ ስልኩን ራቅ፣ ቀረብ አድርጋ አየችው። ያው ቤት ነው። ያው የሳመችው መቃን ነው። "አንቺ ልጅ፣ ሌላ ቦታ ሄደሽ እንዳይሆን" አለች።

"ከዚህ ሌላ የቆመ ቤትማ የለም። የቀረው ድንጋይ ነው። ደሞ ለጥገና ተዘግቷል፤ ዕቃ ቀርቶ እኔም አልገባም።"

መጀመሪያ የነገረችው ለዙሃራ ነው። ዙሃራ ሳቋን መግታት አቅቷት የበሩን እጀታ ይዛ ተንጠለጠለች። እንባዋን ጠራርጋ ስታበቃ ግን ቁምነገር ያዘች። በእኛም ዘንድ ሼኾቹ በመቃብር አትሳሉ ይላሉ፤ ሰው ግን ይሳላል፤ ሰው ሲጨንቀው መች ሼህ ያማክራል አለች። ከዚያ ሳቋ እንደገና መጣባት።

"ግን ፀዱ፣ ሴትዮዋ እኮ ጣሪያዋ ወድቆባታል። ከጧፉም ከመጋረጃውም ይልቅ ጥላው ነው የሚያስፈልጋት።"

ፀዳለ አልሳቀችም። ወደ ንስሐ አባቷ ወደ አባ ኃይለመለኮት ሄደች። አባ ነገሩን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙና በክርስትና ስሟ ጠሯት። "ወለተ ማርያም፣ ስታለቅሺ የጠራሽው ማንን ነው?" እመቤቴን አለች። የሰማሽስ ማን ናት ሲሏት፣ እሷው ናታ አለች። "እንግዲያው ቤቷ ይኸው። አምጥተሽ አስገቢ።"

"እዚሁ ደጅሽ ብያለሁ እኮ አባ።"

"ደጁ የእሷ አልነበረማ።"

"እኔ የእሷ መስሎኝ ነዋ የሳምኩት።"

አባ ብዙ አትመራመሪ ብለው መስቀላቸውን አሳለሟት። እሷም ላለመመራመር ቆርጣ ወጣች። ችግሩ ግን ሱቅ ውስጥ ገዢ በማይኖርበት ሰዓት የሚያርፈው እጅ እንጂ ሐሳብ አይደለም። ሃኒን ቦታው ላይ ያለውን የሰሌዳ ጽሑፍ አስነብቢልኝ፣ የሚያውቅ ሰው ጠይቂልኝ ትላት ጀመር። ሃኒም በድምፅ መልእክት ትልክላታለች። እንዲህ እየሆነ ፀዳለ ስለ ፈረሶቹ አወቀች፤ ስለ መስጊዱ አወቀች፤ መስጊዱን ያሠራችው መርየም ናት እንደሚባል አወቀች። ቤቱንም ለባሏ መቃብር ያሠራችው እሷ ናት የሚሉ እንዳሉ ሰማች። ባሏ የሞተባት ሴት ያን ሁሉ ነጋዴ፣ ያን ሁሉ መርከበኛ ቀጥ አድርጋ ስትገዛ በዓይነ ኅሊናዋ አየቻት፤ ወደደቻትም።

ይህ ነገሩን አባሰው እንጂ አላቀለለውም። ሴትዮዋ ማንም ባልነበረች ጊዜ ጥላው ወዴትም ሊሄድ ይችል ነበር። አሁን ግን ሁለት ባለቤት አለው። አንዷ የሰማችው፣ ሌላዋ ደጇን ያዋሰችው። አንዷን ለማስደሰት ሌላዋን መዝለል ሊሆን ነው። ፀዳለ ይህን ለቤዛ ስትነግራት ቤዛ ሆዷን ይዛ ሶፋው ላይ ተደግፋ ነበር።

"እማዬ፣ እኔን ያዳነኝ ሐኪም ነው፣ እግዜር ነው፣ አንቺ የላክሽው ገንዘብ ነው። የፈለግሽውን ምረጪ። የሞተች ሴትዮ ግን እኔ ላይ ቂም አትይዝም።"

"አንቺ የዚያን ቀን አልጋ ላይ ነበርሽ። ምን ታውቂያለሽ?"

"የማውቀውማ ይኼው ስትጠወልጊ ነው።"

ባለፈው ግንቦት ልደታ ፀዳለ የአባን ቃል ልትፈጽም ጥላውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደችው። በዓሉ የሰፈሩ ነው፤ ግቢው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ስለት ያላቸው ሰዎች ተሰልፈው ወደ አስተናባሪው ይቀርባሉ፤ እሱም በድምፅ ማጉያ የሰውየውን ስምና ስለቱን ይናገራል፤ ሕዝቡ እልል ይላል፤ ዕቃው ይገባል። ይህ ደግሞ ለይስሙላ አይደለም። ስለት በምስጢር ይነገራል፣ ሲፈጸም ግን በአደባባይ መመስከር አለበት።

ተራዋ ደረሰ። አስተናባሪው ማጉያውን በእጁ ሸፍኖ፣ ለልደታ ማርያም ተስለው ልጃቸው ድናላቸው ልበል ብሎ ጠየቃት። እሺ ማለት ብቻ ነበር የቀራት። እልፍ ሕዝብ ፊት፣ ያውም በልደታ ዕለት፣ ውሸት ሊነገርላት ነው።

"ለልደታ እንኳ አይደለም" አለች።

"ታዲያ ለየትኛዋ?"

"ለቀልሃት።"

ከኋላዋ በግ የያዘ ሰውዬ፣ "እትዬ፣ በጉ ሊያመልጠኝ ነው። ወይ ይግቡ ወይ ይልቀቁ" አላት። አስተናባሪውም ቸኩሏል። ማጉያውን ወደ አፉ መለሰና "እኅታችን ለቀልሃት ማርያም ተስለው" ብሎ ሲጀምር ሕዝቡ ሳያስጨርሰው እልልታውን አቀለጠው። በዓለም ላይ ለሌለች ቤተ ክርስቲያን ልደታ ግቢ እልል ተባለ። ፀዳለ ጥላውን እንደ ሕፃን አቅፋ ከሰልፉ ወጣች፤ በጉ ተከትሏት ትንሽ ሄዶ ተመለሰ።

ጣጣው በዚህ አላበቃም። በማግስቱ ሁለት ሴቶች ሱቋ መጥተው ቀልሃት ማርያም በየት በኩል ናት፣ ለመካን ትሆናለች ወይ ብለው ጠየቋት። ቁጭ አድርጋ ከባሕሩ ጀምራ አስረዳቻቸው። መርየም ገዥ እንደነበረች፣ ከተማዋ እንደተቃጠለች፣ ቤቱ መቃብር እንደሆነ ነገረቻቸው። አንደኛዋ ሰምታ ሰምታ፣ "ግን ልጅሽ ድናለች አይደል?" አለች። ድናለች አለቻት። "እንግዲያው ሰሚ ናት" ብላ ሴትየዋ ወደ ቀልሃት አቅጣጫ የመሰላትን ጎን ዞራ አማተበች። ፀዳለ በአንድ ስሕተቷ ሰፈሩን ሁሉ ልታሳስት መሆኗን ባየች ጊዜ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ ተወች።

መላውን ያገኘችው ራሷ ነው። ሁለት ባለቤት ያለው ዕቃ ሁለቱም ጋ መድረስ አለበት። ጥላው ቀልሃት ይሄዳል። አጥር ውስጥ ባይገባም ከአጥሩ ውጭ፣ ቤቱ በሚታይበት መንገድ ዳር፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስኪደገም ይዘረጋል። እዚሁ ደጅሽ ድረስ ያለችው ቃል በዚህ ይፈጸማል። ከዚያ ተመልሶ ይመጣና ልደታ ይገባል፤ በማጉያም እውነቱ ይነገራል። ይህን ይዛ አባ ዘንድ ስትቀርብ አባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

"ዕቃ ተሳልሞ ይመለሳል እንዴ?"

"ታቦቱስ ወጥቶ ይገባ የለም አባ?"

"ጥላን ከታቦት አታወዳድሪ!" ብለው ተቆጡ። ቆይተው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አልከለክልሽም። ሂጂ አድርጊ ብዬም አልባርክሽም። ልብሽ የሚያርፍ ከሆነ ቶሎ ጨርሺው፤ ልጅቷ ደርሳለች።"

ሃኒ ለዓመት ፈቃድ መጥታ ነበርና ዕድሉ ተገኘ። እሷም አላንገራገረችም፤ ወደ አገር በሚመጣ ሰው መልሳ ልትልከውም ተስማማች፤ አንድ ነገር ብቻ አለች። ሻንጣዬ ውስጥ ከገባ እወስዳለሁ፣ ካልገባ እንደ ጦር ተሸክሜ አውሮፕላን ማረፊያ አልቆምም አለች። ፀዳለ ሜትር ይዛ ሻንጣውን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ለካችው። ከፋዩ ታጥፎ ይገባል፤ የጥላው ሽቦዎችም አግድም ከተኙ ይገባሉ። ዘንጉ ግን በምንም ተአምር አይገባም። መቆረጥ አለበት። እዚህ ላይ ደግሞ ያ የሥርዓት ጉዳይ ተመልሶ መጣ፤ እንከን ያለበት ስለት አይገባም። የተቆረጠ ዘንግ እንከን ነው። ተቆርጦ እንደ ብሎን በጥምዝ የሚገጥም፣ ሲገጥም መጋጠሚያው የማይታይ፣ ሲዘረጋም የማይወላገድ ከሆነ ግን አሠራሩ እንደዚያ ነው ማለት ይቻላል። ፀዳለ ከራሷ ጋር የተስማማችው በዚህ ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው ጌጃ ሰፈር አይጠፋም። ኣፅብሃ የሚባል ብረት ሠራተኛ አለ፤ አልጋ፣ በር፣ የሕፃን ጋሪ የማይጠግነው የለም። ጥላውን ሲያይ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ነው የተቀበለው። መጀመሪያ ቆርጦ ገጠመው፤ ጥምዙ ላላና ጥላው እንደ ሰከረ ሰው ተወዛወዘ። ሁለተኛ ሲሞክር በጣም ጠበቀና ለመፍታት ሁለት ሰው አስፈለገ። በሦስተኛው ልኩን አገኘው፤ ፀዳለም አመስግና ልትሄድ ስትል ዘርግታ አየችው። ወደ ግራ ዘመም ብሏል።

"እትዬ፣ ይኼ በዓይን የሚታይ አይደለም" አላት ኣፅብሃ።

"ለእኔ ይታየኛል።"

"ከሩቅ ማን ያየዋል?"

"የተሳልኩላት ከሩቅ አይደለም የምታየው።"

ሰውየው ተከራክሮ እንደማይረታት ገባውና ዘንጉን እንደገና ብረት በሚይዘው ሞርሳ መንገጭላ ውስጥ አሠረው። ሃኒ ነገ ትበራለች። ቤዛ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ለክትትል ሄዳ፣ ሐኪሙ እንዳትመለሽ፣ እዚሁ ተኚ ብሏታል። ባሏ አጠገቧ ነው። ፀዳለ ሆስፒታል ደርሳ፣ አይታት፣ ግንባሯን ስማ፣ አንዴ ልወጣ ብላ ነው የመጣችው። አንዴ ያለችው ይኸው እስካሁን ሆነ።

ስልኳ ጮኸ። ቤዛ ናት።

"እማዬ፣ የት ነሽ? ጀምሮኛል መሰለኝ። ጥላውን ተይውና ነይልኝ።"

"እየመጣሁ ነው፣ የኔ ልጅ። እየመጣሁ ነው" አለችና ስልኩን ሥራ ጠረጴዛው ላይ፣ ከብረት ብናኙ መካከል አስቀመጠችው። ኣፅብሃ ሂጂ፣ እኔ አስተካክዬ ለምትሄደው ልጅ እሰጣታለሁ አላት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ታምነው ነበር። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ካልተያዘ ጥምዙ ልኩን እንደሚስት ግን ሦስት ጊዜ አይታለች፤ ሁለተኛ የሚይዝ ሰው ደግሞ አጠገቡ የለም። ነጠላዋን ወደ ኋላ ወረወረች፤ የዘንጉን የላይኛ ጫፍ በሁለት እጇ ጨብጣ ከበሩ መቃን ጋር እያስተያየች ቀጥ አደረገችው።

"አዙር" አለችው። "ቀስ ብለህ።"